ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት፦ ዕዳ የጠበቀበት ነጋዴ ቀድሞ ይናገር



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በየቤቱ በሹክሹክታ የሚወራ፣ አደባባይ ላይ ግን የማይነሣ ነው፤ የነጋዴ ዕዳ። በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ነገሩ የሚታወቀው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ሱቁ አንድ ጠዋት ሳይከፈት ይቀራል፣ ስልኩ አይሠራም፣ ከዚያ «እገሌ ጠፋ» ይባላል። በርበሬውን በዱቤ የሰጠው ገበሬ ከገጠር ድረስ መጥቶ የተቆለፈ በር ያገኛል። የመርካቶው ጅምላ ሻጭ ቼኩን ይዞ ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ባንኩ የሐራጅ ማስታወቂያ ያወጣል። ሚስትና ልጆች ያልበሉትን ዕዳ እየተጠየቁ ይቀራሉ። ያኔ ሁላችንም «ምነው ቀድሞ ቢነግረን ኖሮ» እንላለን።

እኛ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ግን ቀድመን እንበለው። ከሚዘጉት ሱቆችና መጋዘኖች ብዙዎቹ የሞቱ አይደሉም፣ የታመሙ ናቸው። የታመመ ንግድ ደግሞ ይድናል፤ የሚድነው ግን ባለቤቱ ሕመሙን ሳይደብቅ በጊዜ ከተናገረ ብቻ ነው። ሕጉም፣ ዲናችንም፣ በሌሎች ላይ ያየነውም የሚነግሩን ይህንን ነው።

ነጋዴው እንዴት እዚህ ደረሰ?

ለምሳሌ ያህል አንድ የበርበሬ ነጋዴ እናስብ። ከጃቢ ጠህናንና ከቡሬ ዙሪያ ገጠር በርበሬ ይሰበስባል፤ ለገበሬው ግማሹን በጥሬ ገንዘብ፣ ግማሹን «ሸጬ ስመለስ» ብሎ ይወስዳል። ጭኖ አዲስ አበባ ያወርዳል፣ ከመርካቶ ደግሞ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨርቅና የቤት ዕቃ በዱቤ ይዞ ይመለሳል። ቤቱን አስይዞ ከባንክ የሥራ ማስኬጃ ተበድሯል። ለጅምላ ሻጩ ቀኑ ወደፊት የሆነ ቼክ ሰጥቷል። ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ የሀገራችን ንግድ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሁሉም ነገር የቆመው መኪናው ሄዶ በመመለሱ ላይ ነው።

ከ2015 ሐምሌ ማብቂያ ወዲህ በክልላችን ግጭት ሲበረታና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ተዘጋ። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገንዘብ ማስተላለፉም ተቸገረ። መጋዘን ውስጥ የቆየ በርበሬ ክብደቱም ቀለሙም ይቀንሳል፤ የባንክ ወለድ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆምም።

በነሐሴ 2015 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ብሎ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ። ገደቡ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም፣ ተጨማሪ ብድር ወይም ማራዘሚያ ፈልጎ ባንክ የሄደ ነጋዴ «ገንዘብ የለም» የሚል መልስ የሰማበት ዘመን ነው።

ሦስተኛው ምት በሐምሌ 22፣ 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪ ገበያው ለቀቅ ሲደረግ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ትናንት ሙሉ መደርደሪያ በሞላበት ገንዘብ ዛሬ ግማሹን እንኳ መሙላት አቃተው። በዱቤ የሸጠው ደግሞ የባሰ ተጎዳ፤ ገንዘቡ ሲመለስለት ያንኑ ዕቃ መልሶ አይገዛበትም።

ይህ የትንሹ ነጋዴ ችግር ብቻ አይደለም። ቡሬ ከሀገሪቱ አራት የተቀናጁ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርኮች አንዱ ያለባት ከተማ ናት። በጥር 2013 ማብቂያ የተመረቀው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም ይዞ የተተከለው እዚያው ነው። በሀገራችን የዘይት ፋብሪካዎች በጥሬ ዕቃና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ መኖራቸው የታወቀ ነው። ፋብሪካ ቢሆን ኪዮስክ፣ ነገሩ አንድ ነው፤ ሕንፃው አለ፣ ማሽኑ አለ፣ ገበያው አለ፤ በእጅ ላይ የሚዞር ገንዘብ ግን የለም።

የታመመና የሞተ ንግድ

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ እንበል። አንዳንዱ ንግድ በእርግጥ ሞቷል፤ የሚሸጠውን የሚፈልግ የለም፣ በሠራ ቁጥር ይከስራል፣ ንብረቱ ሁሉ ቢሸጥ ዕዳውን አይሸፍንም። እንዲህ ያለውን ማስታመም ዕዳ ላይ ዕዳ መጨመር ነው፤ በሥርዓት ተዘግቶ ያለው ለባለገንዘቦች ቢከፋፈል ይሻላል።

ሌላው ግን የታመመ ነው። ደንበኛ አለው፣ ስሙ የታመነ ነው፣ ቤትና መጋዘኑ ሲገመት ከዕዳው ይበልጣል፤ የጎደለው ጊዜ ነው። ይህን ሰው በሐራጅ ብንሸጠው ምን ይሆናል? ገንዘብ በጠፋበት ከተማ ቤት በጨረታ ዋጋውን አያወጣም። ባንኩ መያዣ ስላለው ቀድሞ ይወስዳል። የመርካቶው ጅምላ ሻጭ የተረፈ ካለ ይጠብቃል። ምንም ወረቀት ሳይዝ በርበሬውን ያስረከበው ገበሬ ባዶ እጁን ይቀራል። ሱቁ ክፍት ቢሆን ኖሮ ግን ከሁለትና ከሦስት ዓመት ሽያጭ ሁሉም ቀስ በቀስ ይከፈሉ ነበር። እንግዲህ ነጋዴውን ማዳን ለነጋዴው ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም። በሰልፉ መጨረሻ የቆመው ገበሬ ገንዘቡን የሚያገኘው ሱቁ ከተረፈ ነው።

ሕጉ ምን አዲስ ነገር አመጣ?

ሀገራችን ለስድሳ ዓመታት ያህል ስትሠራበት የቆየችው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ ኪሳራ ብዙ ይናገር ነበር። በተግባር ግን ኪሳራ ማለት የንግድ ሞት ተደርጎ ይታይ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ይህን አስተሳሰብ ቀየረ። ባጭሩ ሦስት በሮች አሉ ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው በር ገና መክፈል ላላቆመ፣ ነገር ግን አደጋው እየመጣ መሆኑን ላየ ነው። ንግዱን እየመራ ከባለገንዘቦቹ ጋር ይደራደራል፣ የአከፋፈል ዕቅድ ያወጣል፣ ፍርድ ቤትም ዕቅዱን ያጸድቃል። ሁለተኛው በር መክፈል ላቃተው፣ ንግዱ ግን ሊድን ለሚችል ነው። ይህ መልሶ ማደራጀት ይባላል፤ ዕዳው ይሸጋሸጋል፣ አንዳንዱ ይቀነሳል፣ የማይጠቅም ንብረት ይሸጣል፣ ዋናው ሥራ ይቀጥላል። ሦስተኛው በር ተስፋ ለሌለው ነው፤ ንግዱ ይዘጋል፣ ንብረቱ በሥርዓት ተሸጦ ይከፋፈላል።

ልብ በሉ፤ በሮቹ የሚከፈቱት በጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ቀድሞ የመጣ ሰው ምርጫ አለው። ዘግይቶ የመጣ ምርጫው እያነሰ ይሄዳል። ሸሽቶ የጠፋ ደግሞ በሌለበት ሌሎች ይወስኑበታል።

በሌላ በኩል ባንኮች የራሳቸው ፈጣን መንገድ አላቸው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በውሉ ላይ ከተስማሙ፣ ዕዳው በወቅቱ ሳይከፈል ሲቀር ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልጋቸው መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላሉ። ብድሩ ሳይከፈል 90 ቀን ሲሞላው ደግሞ በብሔራዊ ባንክ ደንብ ከተበላሸ ብድር ይቆጠራል፤ ባንኩ ለኪሳራው መጠባበቂያ መያዝ ይጀምራል፣ ፊቱም ይለወጣል። ስለዚህ የነጋዴው እውነተኛ የመነጋገሪያ ጊዜ ያ የመጀመሪያው 90 ቀን፣ ከዚያም በፊት ያለው ነው። ብዙዎቻችን ግን ያንን ውድ ጊዜ ከባንኩ ስልክ በመሸሽ እናባክነዋለን። የሐራጅ ደብዳቤ እጃችን ሲገባ ነው ሽማግሌ ፍለጋ የምንሮጠው።

ለትልቁ የተፈቀደ ለትንሹ ለምን ነውር ይሆናል?

«ዕዳዬን በሰዓቱ መክፈል አልቻልኩም፣ ጊዜ ስጡኝ» ማለት በእኛ ዘንድ ትልቅ ውርደት ተደርጎ ይታያል። እስኪ ዙሪያችንን እንመልከት።

ኢትዮጵያ ራሷ በጥር 2013 የውጭ ዕዳዋ እንዲሸጋሸግላት በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ በኩል ጠየቀች። በታኅሣሥ 2016 ደግሞ ለአንድ ቢሊዮን ዶላሩ ቦንድ መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ከዚያ ሸሽታ አልጠፋችም፤ ከአበዳሪዎቿ ጋር ተቀምጣ ተደራደረች፣ በመጋቢት 2017 ከመንግሥታት አበዳሪዎች ኮሚቴ ጋር በመርህ ደረጃ ስምምነት ላይ ደረሰች።

የመንግሥት ድርጅቶችንም እንመልከት። ስኳር፣ ባቡርና ሌሎችም ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መክፈል ያቃታቸውን ዕዳ የሚረከብ የዕዳና ሀብት አስተዳደር ኮርፖሬሽን በ2013 ተቋቋመ። በኋላም ከ800 ቢሊዮን ብር በላይ የሆነው ይህ ዕዳ ወደ መንግሥት ቦንድ ተቀይሮ ከባንኩ ጫንቃ ላይ ወረደ። በእነዚያ ድርጅቶች ላይ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አልተለጠፈም።

ይህን የምንለው ለመክሰስ አይደለም። ዕዳን ማሸጋሸግ የሀገር መሪዎች፣ የገንዘብ ባለሙያዎችና ታላላቅ ድርጅቶች የሚያደርጉት የታወቀ የአሠራር መንገድ ነው ለማለት ነው። ሀገር ያደረገችው ነውር ካልሆነ የቡሬ ዘይት ቸርቻሪ ሲያደርገው ነውር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ባንኮችና ተቆጣጣሪውም እንዲሁ ይጠየቃሉ፤ ለትልቁ የተገኘው ትዕግሥት ጥፋቱ የራሱ ላልሆነ ትንሽ ነጋዴ ለምን አይገኝም? በኮሮና ጊዜ በ2012 ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቅርቦ፣ ብድሮችም እንዲሸጋሸጉ ፈቅዶ ነበር። መንገዱ የተዘጋበት ነጋዴ ከዚያ ጊዜው ነጋዴ የተለየ ጥፋት የለበትም።

የዘገዩትና የቀደሙት

መዘግየት ምን እንደሚያመጣ ከራሳችን ሀገር እንይ። ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ መኪና ይገጣጥም የነበረ ድርጅት ነው፤ «አባይ» የተባለችውን መኪና ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ። ደንበኞች ገንዘብ ቀድመው እየከፈሉ ተራ ይጠብቁ ነበር። በ2002 ማብቂያ ብር ከዶላር አንጻር በአንድ ጊዜ ሲዳከም በድሮ ዋጋ የተቀበለው ገንዘብ ዕቃውን የሚያስገባ አልሆነም። ችግሩ ተጠራቀመ፣ ደንበኞች መኪናም ገንዘብም ሳያገኙ ቆዩ፣ በመጨረሻ ድርጅቱ ከሰረ። በሐምሌ 2016 ብር ሲዳከም ቀብድ ተቀብለው ዕቃ ያላስረከቡ ነጋዴዎች ይህ ታሪክ የራሳቸው ሊሆን ይችላል።

ጎረቤታችን ኬንያ ሁለት ትምህርት አላት። ናኩማት በምሥራቅ አፍሪካ ከ60 በላይ ቅርንጫፎች የነበሩት ታላቅ ሱፐርማርኬት ነበር። ዕቃ አቅራቢዎቹን ለረጅም ጊዜ ሳይከፍል ቆይቶ፣ መደርደሪያዎቹ ከተራቆቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ በፍርድ ቤት በተሾመ አስተዳዳሪ ሥር ገባ። ያኔ ግን አቅራቢዎቹ እምነት አጥተው ነበር፤ ዕቃ የሚሰጠው የሌለ ሱቅ ደግሞ አይድንም። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለገንዘቦቹ ይፍረስ ብለው ወሰኑ። የኬንያ አየር መንገድ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2017 ከባንኮቹ ጋር ተቀምጦ ዕዳው ወደ አክሲዮን እንዲቀየር አደረገ፤ ባንኮቹ ባለድርሻ ሆኑ። ከዚያም በኋላ ለዓመታት መክሰሩ አልቀረም፤ አውሮፕላኖቹ ግን ዛሬም ይበርራሉ።

ከሁለቱ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ገንዘብ ካለቀ በኋላም ንግድ ሊድን ይችላል፤ እምነት ካለቀ በኋላ ግን አይድንም። እምነትን የሚጨርሰው ደግሞ መደበቅ ነው።

ዲናችን ሁለቱንም ወገን ይናገራል

ስለ ዕዳ ዲናችን የሚለው ከዚህ ጉዳይ ጋር ቀጥታ ይገናኛል። በሱረቱል በቀራ 280ኛው አንቀጽ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪተርፈው ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ መማር ደግሞ የበለጠ መልካም መሆኑን ያስታውሳል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ በ282ኛው አንቀጽ ዕዳ በጽሑፍና በምስክር እንዲያዝ በዝርዝር ታዟል። ምሕረትና መዝገብ ጎን ለጎን መምጣታቸውን ልብ በሉ።

በሶሒሕ ሙስሊም ከአቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) የተላለፈ ታሪክ ደግሞ የእኛን የበርበሬ ነጋዴ ይመስላል። አንድ ሰው በገዛው ፍራፍሬ ኪሳራ ደርሶበት ዕዳው በዛ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ሶደቃ እንዲሰጡት አደረጉ። የተሰበሰበው ዕዳውን አልሞላም። ያኔ ባለገንዘቦቹን ያገኛችሁትን ውሰዱ፣ ከዚያ ያለፈ የላችሁም አሏቸው። ኪሳራው በይፋ ተነገረ፣ ጀመዓው አገዘ፣ ባለገንዘቦች ያለውን ተካፈሉ፣ ሰውየውም አልተሳደደም። የፊቅህ ሊቃውንትም «ተፍሊስ» በሚለው ርዕስ ሥር ስለ ከሳሪ ሰው ንብረት አከፋፈል በስፋት ጽፈዋል።

ነገር ግን ባለዕዳው ይህን ትራስ አድርጎ እንዳይተኛ፣ መክፈል እየቻለ የሚያጓትት ሰው በዳይ መሆኑንም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ጊዜ የሚሰጠው ለተቸገረ እንጂ ለአጭበርባሪ አይደለም።

ከወለድ ነፃ ባንክ ለሚሠሩ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ነገር እናስታውስ። በሙራበሐ የተሸጠ ዕቃ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በመዘግየቱ አይጨምርም፤ ስለዚህ የጊዜ ማራዘሚያ ዕዳውን አያሳብጠውም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። መያዣው ግን መያዣ ነው፤ ከወለድ ነፃ ባንክም ቢሆን የአስቀማጮች አማና ስላለበት ንብረት መሸጡ አይቀርም። ቀድሞ መናገር እዚያም ግዴታ ነው።

«አጭበርባሪው ይጠቀምበታል» ለሚሉ

ይህን ሐሳብ ስናነሣ ተቃውሞ እንደሚኖር እናውቃለን። «ዕዳ ይሸጋሸግ ከተባለ ሁሉም አልቻልኩም ይላል፤ ሐቀኛው ከፋይ ሞኝ ይሆናል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ገንዘብ ቀብሮ ከስሬያለሁ የሚል ሞልቷል። የባንኩም ገንዘብ የባንኩ ብቻ አይደለም፤ የብዙ አስቀማጮች ነው።

መልሳችን ይህ ነው፤ አጭበርባሪን የሚጠቅመው ጨለማ ነው። ሕጋዊው መንገድ ግን መዝገብ ያስከፍታል። ማን ስንት እንዳበደረ፣ ምን ንብረት እንዳለ፣ ገንዘቡ የት እንደገባ በባለገንዘቦች ፊት ይወጣል። ችግር ከጀመረ በኋላ ቤቱን በወንድሙ ስም ያዛወረ፣ ወይም ዘመዱን ብቻ ደብቆ የከፈለ ሰው ያ ድርጊቱ ሊሻርበት ይችላል፤ ሆን ብሎ ማክሰርም ወንጀል ነው። ዛሬ ባለው ልማድ ግን አጭበርባሪውም ሐቀኛውም እኩል ሌሊት ይጠፋሉ፤ ማን ምን እንደነበረ አይለይም። በይፋ የሚናገርበት መንገድ ሲለመድ፣ ሳይናገር የጠፋው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

ሐቀኛ ሆኖ ቀስ በቀስ ወንጀለኛ የሚሆንም አለ። ቀኑ ወደፊት የሆነ ቼክ እንደ ዋስትና መስጠት የተለመደ ነው። በቂ ስንቅ ሳይኖረው ቼክ ማውጣት ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል። ዕዳ ብቻ የነበረው ጉዳይ በዚያች ወረቀት ምክንያት ወደ እስር ይቀየራል። የታሰረ ነጋዴ ደግሞ አይነግድም፤ ማንንም አይከፍልም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ነጋዴ ወንድማችን፣ ነጋዴ እህታችን፤

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ወረቀት ይዘው ይቀመጡ። በአንድ በኩል ያለብዎትን ሁሉ ይጻፉ፤ ባንክ፣ ጅምላ ሻጭ፣ ገበሬ፣ ዘመድ፣ እቁብ፣ ግብር። በሌላ በኩል ያለዎትን ይጻፉ፤ ዕቃ፣ ቤት፣ መኪና፣ በዱቤ የሸጡት። ብዙ ሰው የሚሸሸው ከዕዳው ሳይሆን ድምሩን ከማየት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚቀጥለውን ክፍያ እንደማይደርሱበት ካወቁ ቀኑ ሳይደርስ ወደ ባንኩ ይሂዱ። በቃል ብቻ አይሁን፤ በደብዳቤ ይጠይቁ፣ ምክንያቱንና ምን ያህል መክፈል እንደሚችሉ ይግለጹ፣ ቅጂውን ይያዙ። ከቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ሥልጣን በላይ ከሆነ ወደ ላይ እንዲላክ ያድርጉ። ለግብርም እንዲሁ፤ የታክስ ሕጉ በጽሑፍ ለጠየቀ ግብር ከፋይ በክፍል በክፍል መክፈልን ይፈቅዳል።

ሦስተኛ፣ የሰጡት ቼክ ካለ ቀኑ ሳይደርስ ባለቤቱን ያነጋግሩና በጽሑፍ ስምምነት ይተኩት።

አራተኛ፣ አንዱን ደብቀው ከፍለው ሌላውን አያታልሉ። ባለገንዘቦችን በአንድነት ይጥሩ። ትንሹን ገበሬ አይርሱ።

አምስተኛ፣ ዕዳው ከበድ ካለ ጠበቃና የሂሳብ ባለሙያ ያማክሩ፤ በአዲሱ የንግድ ሕግ የተከፈተውን በር ያስጠኑ። ለወደፊቱም አዲሱ ሕግ የፈቀደውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይጠይቁ፤ የንግዱን ዕዳ ከቤተሰብ ቤት ለመለየት ይረዳል። ባንክ በግልዎ ዋስ ካስፈረመዎት ግን ያ ከለላ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ባለገንዘቦች ሆይ፤ ቀድሞ የመጣን ሰው አታዋርዱት። መጥቶ ሲናገር በገበያ ስሙን ካጠፋችሁበት የሚቀጥለው አይመጣም፣ ይጠፋል። ቀድሞ መናገርን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የእኛው አፍ ነው።

ባንኮችና ፍርድ ቤቶች፤ ሕጉ አዲስ አበባ ላይ ብቻ የሚሠራ ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር። የምዕራብ ጎጃም ነጋዴ በዞኑ ከተማ በፍኖተ ሰላም ሊያነጋግረው የሚችል፣ ጉዳዩን የሚያውቅ ዳኛ፣ ጠበቃና የብድር ባለሙያ ያስፈልገዋል። የ30 ቀኑ ሐራጅ ፈጣን፣ የማዳኛው መንገድ ደግሞ ዘገምተኛና ሩቅ ከሆነ ማንም ወደ ሁለተኛው አይሄድም። በገጠሩ ደግሞ ድሮ አብቁተ፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ ከሚባለው በቡድን ዋስትና የተበደሩ ገበሬዎች አሉ። ነጋዴው ሲወድቅ ገበሬው፣ ገበሬው ሲወድቅ ዋሶቹ ይከተላሉ።

ጀመዓችን፤ እኛም ድርሻ አለን። ከዘካ ስምንቱ ተቀባዮች አንዱ በዕዳ የተያዘ ሰው ነው። በየመስጂዳችን የንግድ ልምድ ያላቸው አባቶች፣ አንድ የሂሳብ ባለሙያና አንድ የሕግ ባለሙያ ያሉበት ትንሽ የሽምግልና ቡድን ቢኖር ምስጢር ጠብቆ ባለዕዳውንና ባለገንዘቦቹን ማቀራረብ ይችላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በዚሁ ገበያ፣ በዚሁ ዕዳ ውስጥ ናቸው፤ ሽምግልናው ለሁሉም ክፍት ይሁን። ዕዳ ሃይማኖት አይለይም።

መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን እኛ አንወስንም፤ የዶላሩንም ዋጋ እኛ አንቆርጥም። በእጃችን ያለው አንድ ነገር ነው፤ ሱቁ ሳይዘጋ፣ ስልኩ ሳይጠፋ፣ ቤቱ ለሐራጅ ሳይቀርብ መነጋገር። ይህን ጽሑፍ ዕዳ እንደጠበቀበት ለሚያውቁት ሰው በውስጥ መስመር ይላኩለት፤ ስሙን ጠርተው ግን አደባባይ ላይ አይለጥፉበት።

አላህ የተቸገሩትን ከዕዳቸው ይገላግላቸው፣ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን፣ ለሀገራችንም ሰላሙን ይመልስልን። አሚን።